የእትዬ ፍሬን መስኮት

ባለቤቴ መኪና መንዳት ታሠለጥናለች። ተማሪዎቿ ከጀርባዋ «እትዬ ፍሬን» ይሏታል። ከፊቷም ይሏታል፤ እሷ ግድ የላትም። የማሠልጠኛ መኪና በአሠልጣኙ በኩል ሁለተኛ ፍሬን አለው፤ የእሷ ቀኝ እግር ደግሞ ከዚያ ፍሬን ላይ ተነሥቶ አያውቅም። ሶፋ ላይ ተቀምጠን ፊልም ስናይ እንኳ ውስጡ ያለው መኪና ሲፈጥን እግሯ ምንጣፉን ይረግጣል። እኔ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነኝ፤ መተዳደሪያዬ የሰው ስህተት መልቀም ነው። ሁለት ስህተት ፈላጊዎች አንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ምን ዓይነት ትዳር እንደሚሆን አንባቢ ይገምት።

የምነግራችሁ ስለ መኪናዋ መስኮት ነው። ያውም ስለ አንዱ፣ ስለ ሹፌሩ በር መስኮት። ለዚህች ይህን ያህል ወረቀት ማባከን ምን አመጣው የሚል ካለ፣ ያ ሰው መስታወቱ በዝናብ መሃል በሩ ሆድ ውስጥ ወድቆ ቀርቶበት አያውቅም።

መኪናዋ ትንሽ፣ ነጭ፣ ዕድሜ የጠገበች ናት። ሞተሯ እንደ ወጣት ነው፤ ማርሿ ለስላሳ ነው። ቁልፍ ሲጫኑት በኤሌክትሪክ የሚወጣውና የሚወርደው መስታወት ግን ጠላታችን ሆነ። መጀመሪያ አንድ ጠዋት ተማሪው ቁልፉን ሲጫን ከበሩ ውስጥ አንድ ነገር «ዷ!» አለ፤ መስታወቱ ወደ ታች ሰመጠ፤ በዚያው ቀረ። ባለቤቴ ወደ መኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ወሰደቻት። ይህን ሰው ሰፈሩ «ዶክተር» ይለዋል፤ ምክንያቱም በሩን ከመክፈቱ በፊት ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል፣ ከዚያ ፊቱን ያከብዳል። ሞተሩን ቀየረ። «አለቀ፣ እትዬ። ከእንግዲህ ልጆችዎም አያስቸግራቸውም» አላት።

ልጆቻችን ሳይደርሱበት በወሩ ተበላሸ። ዶክተር ሽቦውን ቀየረ። ትንሽ ቆይቶ መስታወቱ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ አልወጣም፣ አልወርድም አለ። ዶክተር ቁልፉን ቀየረ። ከዚያ ደግሞ እንደገና ሞተሩ ተቃጠለ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ማለት ይኼ ነው። መኪናዋን በመለሰ ቁጥር «አለቀ» ይላታል፤ እኔ ይህን ቃል ከሰውየው አፍ ስሰማ ደሜ ይፈላ ጀመር።

በዚያ ሰሞን የነበረንን ኑሮ ጎረቤት ይመስክር። ጠዋት ጠዋት ግቢያችን በር ላይ እኔ ክራባቴን ትከሻዬ ላይ ጥዬ መስታወቱን በሁለት መዳፌ ጨምቄ ወደ ላይ እገፋለሁ፤ እሷ ውስጥ ተቀምጣ ቁልፉን ትጫናለች። «ግፋ! ግፋ! አትልቀቀው!» ስትል መንገደኛው ቆሞ ያያል። ከወጣልን እንዳይወርድ ሽብልቅ እንጨት እንሰካለን። ካልወጣልን ላስቲክ እንለጥፋለን። ላስቲኩ መኪናዋ ስትፈጥን ይንፈራፈራል፤ ተማሪው ይደነግጣል፤ ባለቤቴ ፍሬን ትረግጣለች። አንድ ቀን ዝናብ የአንዱን የባንክ ሠራተኛ ሱሪ ከጉልበቱ እስከ ቀበቶው አረሰረሰው፤ ሰውየው ወደ ሥራው ሲገባ ምን ብሎ እንዳስረዳ እግዜር ይወቅ።

«ሽጫት» አልኳት። «ለዚህች መስታወት ሞተር ስትገዢ ልታረጂ ነው።»

«ስትፈልግ አንተን እሸጥሃለሁ» አለችኝ። «እሷ ትሠራልኛለች።»

ነገሩ ቀልድ መሆኑ የቀረው ዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ ሲደርስ ነው። መርማሪው ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ በሰው ላይ የማይጮህ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ይበልጥ ያስፈራል። ፍሬኑን አየ፣ መብራቱን አየ፣ ጎማውን አየ፤ ሁሉም ደህና። ከዚያ ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ የመስኮቱን ቁልፍ ተጫነ። ምንም የለም። ደግሞ ተጫነ። ከበሩ ውስጥ የታፈነ ጉምጉምታ ተሰማ እንጂ መስታወቱ አልተነቃነቀም።

«እስከ ወሩ መጨረሻ አሠርተው ይምጡ» አላት። «ያኔም ካልሠራ ከማሠልጠኛ መኪናዎች ዝርዝር ትወጣለች። አንዴ ከወጣች ደግሞ በዚህ ዕድሜዋ ተመልሳ አትገባም፤ መመሪያው አይፈቅድም።»

ይህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም አወቅን። ሌላ መኪና መግዛት ለእኛ ላም አለኝ በሰማይ ነው። መኪናዋ ከዝርዝር ወጣች ማለት ባለቤቴ ከሥራዋ ወጣች ማለት ነው። ግማሽ ከተማውን ያስነዳች ሴት ቤት ተቀምጣ በመስኮት መኪና ልትቆጥር ነው። ያን ቀን ማታ የራት ሳህኖቹን ካነሣች በኋላ «አይሆንም» አለች፤ ለእኔ አይደለም፣ ለራሷ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ስታገባኝም አባቷን ያሳመነችው በዚያው ድምፅ ነው።

ዶክተር እንደገና አዲስ ሞተር ገጠመ። እኔም ቅዳሜ ሥራ ስለሌለኝ፣ ይህ መስታወት በምን እንደሚሞት በዓይኔ ልይ ብዬ ከኋላ ወንበር ገባሁ። መሪውን የያዘችው አንዲት ነርስ ነበረች፤ በሽተኛን መርፌ ስትወጋ እጇ የማይንቀጠቀጥ፣ መሪ ስትይዝ ግን ጣቶቿ የሚነጡ። ፈተናዋ በሚቀጥለው ወር ነው።

ገና ሳንነሣ ባለቤቴ «መስኮት!» አለች። ነርሷ ቁልፉን ተጫነች፤ መስታወቱ ወረደ። «አዳምጪ። ምን ትሰሚያለሽ?» ነርሷ «ሞተሩን፣ ልጆች፣ አንድ ጋሪ» አለች። «ጎበዝ። ዝጊ። ተነሺ።» መስቀለኛ መንገድ ስንደርስ «መስኮት!» ወረደ፤ ወጣ። ወደ ኋላ ከመሄዳችን በፊት «መስኮት!» ቆመን ስንነሣ «መስኮት!» አስፋልቱን ጨርሰን አቧራማው መንገድ ላይ ስንገባ ወጣ፤ ስንታጠፍ ወረደ። እኔ ከኋላ ሆኜ መጀመሪያ ፈገግ አልኩ፤ ቀጥሎ ፈገግታዬ ጠፋ፤ በመጨረሻ ራሴን ያዝኩ። ሌላ ሰው መስኮቱን በቀን አንዴ ሁለቴ ቢከፍት ነው። ይቺ ሴት ከጠዋት እስከ ማታ፣ ከተማሪ ተማሪ፣ ያቺን ሚስኪን ሞተር እንደ ጥርስ ብሩሽ ትሠራባታለች!

«አንቺ ሴት» አልኩ፣ «ዶክተርን ያለ ኃጢአቱ ነው የረገምኩት። መስታወቱን የምትገድዪው አንቺ ነሽ።»

«ዝም በል፤ ተማሪ አለ።»

«ተማሪዋ ትስማ! ይህ ሞተር የተሠራው እንደ ሰው ለሚጠቀም ሰው ነው። ይህን ‹መስኮት መስኮት› ካልተውሽ በወር በወሩ ይቃጠላል። ተይው፣ በቃ! ወይም ክፍት አድርገሽ አስተምሪ።»

«ክፍት ሆኖ ከዋለ ጆሮ ይለምደውና መስማት ያቆማል» አለች። «ሲከፈት ነው ድምፅ ዘሎ የሚገባው። የዚያን ጊዜ ነው የሚነቁት።»

«ባይነቁስ? አሠልጣኝ ሁሉ እንዳንቺ ያደርጋል?»

ነርሷ ከኋላ ጭቅጭቅ፣ ከፊት መንገድ፣ መሃል ላይ ተሰቅላ ቀርታለች። ትንሽ ሄደን ባለቤቴ ሳትዞር፣ ፊቷን ወደ መንገዱ እንዳደረገች «እማዬ ለምን እንደምታነክስ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«መኪና ገጭቷቸው ነው። ማን የማያውቅ አለ?»

«ሰውየው ወደ ኋላ እየሄደ ነበር። እማዬ ‹ቁም! ቁም!› እያለች ጮኸች። ድምፅዋን ታውቀዋለህ፣ ሰፈር ነው የሚሰማት። ሰውየው ግን መስታወቱን ዘግቶ ነበር። በኋላ ጣቢያ ሲጠየቅ ‹አልሰማሁም› አለ። ሁሉም ዋሸ አሉ። እኔ ግን ፊቱን አይቼዋለሁ። አልዋሸም። እውነትም አልሰማም።»

ስንት ዓመት አብሬያት ስኖር፣ አማቴን ስንት ጊዜ ክንዳቸውን ይዤ ደረጃ ሳወጣ፣ ይህን ነግራኝ አታውቅም። ነርሷ ሳትታዘዝ ከፊታችን ካለው መታጠፊያ በፊት እጇን ወደ ቁልፉ ሰደደች።

ቁልፉ ጠቅ አለ። በሩ ውስጥ «ዷ!» አለ። መስታወቱ ሰመጠ።

የትራፊክ መብራት ላይ ቆመን ነበር፤ ከፊት መኪና፣ ከኋላ መኪና። በግራችን አንድ ያረጀች ዳቦ ጫኝ መኪና ተጠግታ ቆመች፤ የተጋገረ ዳቦ ሽታ በወደቀው መስኮት ገባ። ሹፌሩ ወፍራም ሰው ነው፤ ወደ እኛ ተንጠራርቶ በእኛ በኩል ያለውን መስታወት አወረደና «እናቴ፣ የኋላ ጎማችሁ ንፋስ ጎድሎታል!» አለ።

ባለቤቴ ጎማውን አልሰማችውም። ዓይኗ የሰውየው ክንድ ላይ ነው። ክንዱ ይዞራል፤ ይዞራል፤ መስታወቱ ይወርዳል።

«ምንድን ነው የምታዞረው?» አለችው።

«ምኑን?»

«እጅህን! እጅህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

መብራቱ ተለወጠና ዳቦ ጫኙ ሄደ። ባለቤቴ ዳሽቦርዱን በመዳፏ መታችው። «ተከተይው!»

«እትዬ፣ እውነት ልከተለው?»

«ተከተይው አልኩሽ! ሦስተኛ ማርሽ! ስፖኪዮ አይተሽ፣ ጠቋሚ አብርተሽ!»

ያን ቀን ነርሷ እንደነዳችው በሕይወቷ ነድታ አታውቅም። መኪና አለፈች፤ አደባባይ ዞረች፤ ጠባብ መንገድ ውስጥ ከቆመ መኪና ጋር በአንድ ጣት ልዩነት ተላለፈች። ፍርሃቷን ረሳችው። ዳቦ ጫኙ በስፖኪዮው ሲያየን ፍጥነት ጨመረ፤ እኛም ጨመርን። በመጨረሻ አንድ ሱቅ በር ላይ ቆመና ሁለት እጁን ወደ ላይ አድርጎ ወረደ። «እናቴ፣ ምን አጠፋሁ? ስለ ጎማው ነው? ለደግ ብዬ እኮ ነው!»

ባለቤቴ ሰላም እንኳ ሳትለው በሩን ከፈተች። በበሩ ውስጥ በኩል አጭር እጀታ አለ፤ በእጅ የሚዞር። ዞር አደረገችው፤ መስታወቱ ወረደ። መለሰችው፤ ወጣ። ደግማ ደጋግማ አዞረችው። «ተበላሽቶብህ ያውቃል?» ብላ ጠየቀችው።

«ይኼ? ከአባቴ ነው የወረስኳት። በሩ ወልቆ ያውቃል፤ እሱ አልተበላሸም።»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። እንዲያ ስትስቅ ያየኋት ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው።

ዶክተር ጋ ሄዳ «የኤሌክትሪኩን አውጥተህ በእጅ የሚዞረውን ግጠምልኝ» ስትለው ሰውየው የተሰደበ መሰለው። «እትዬ፣ ሰው ወደ ፊት ነው የሚሄደው። እኔ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነኝ። በዚህ ስሜን አላስጠፋም» አላት። እሷም ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ወጣች። «ራሴ እገጥመዋለሁ» አለችኝ። እኔ ቤት ውስጥ አምፖል የምትቀይረው እሷ መሆኗን ስለማውቅ አልተከራከርኩም።

ያረጁ መኪናዎች የሚፈቱበት ትልቅ ግቢ ሄደች። ከእሷው መኪና ጋር አንድ ዓይነት የሆነች፣ ኤሌክትሪኩ ሳይመጣ በፊት የተሠራች አንዲት ሬሳ አገኘች፤ ጎማ የላት፣ ሞተር የላት፣ እጀታዋ ግን ከነማንሻ ብረቱ በቦታው አለ። ብሎኑን በገዛ እጇ ፈትታ፣ ቆርቆሮው ጣቷን ቆርጧት፣ ግራሱ እስከ ክርኗ ድረስ ቀብቷት እቃውን እንደ አራስ ልጅ አቅፋ ወደ ቤት ገባች። እሑድ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ በሩን ፈታታነው። እኔ እንደ ልማዴ መስታወቱን በመዳፌ ያዝኩ። እቃውን ከተተችው። አልገባም። ገለበጠችው። አልገባም። ወደ ጎን አዞረችው። ላቧ ተንጠባጠበ፤ ብሎኑ ወደቀ፤ ተሳደበች፤ ብሎኑን ፈለግን።

እኔ ስህተት መልቀም ሥራዬ አይደል? እቃውን ቀና አድርጌ አየሁት፤ ከዚያ እሷን አየኋት። «ከየትኛው በር ነው ያወጣሽው?»

«ከ...» ብላ ቆመች። እጇን በአየር ላይ እያንቀሳቀሰች አሰበች። ያንን ያረጀ መኪና ስታይ እግሯ በራሱ የሄደው ዕድሜ ልኳን ወደምትቀመጥበት የአሠልጣኝ ጎን ነው። ቀንና ሌት «ቀኝ! ግራ! ቀኝ አልኩህ!» እያለች ከተማውን ያስተማረች ሴት የቀኝ በር እቃ ይዛ መጥታለች።

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ ሆዴን ያዝኩ። ቁልፍ መፍቻውን ትወረውርብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን እጇን በጨርቅ ጠረገችና «ተነሣ፣ ግቢው ሳይዘጋ እንድረስ» አለችኝ። ሄድን። የግራውን ፈታች። የግቢው ጠባቂ «በእጅ የሚዞር ማን ይፈልጋል ብዬ ልጥለው ነበር፤ እናንተ ሁለቱንም ጎን ልትጨርሱት ነው?» አለ።

የግራው ገባ። መስታወቱ ግን መጀመሪያ ተጣሞ ወጣና ጥግ ላይ ነከሰ። አወጣችው። አስተካክላ መለሰችው። አሁንም ነከሰ። አወጣችው። ጎረቤታችን ከአጥር ማዶ «ለምን ባለሙያ አትጠሩም?» ሲል «እየመጣ ነው!» አለችው፤ ማንም እየመጣ አልነበረም። ፀሐይ ልትገባ ስትል እጀታውን አዞረችና መስታወቱ ቀጥ ብሎ፣ ያለ ድምፅ፣ እስከ ላይኛው ጎማ ድረስ ወጣ። ቁጭ ብላ አየችው። ሸሚዜ በግራስ ተበላሽቶ ነበር፤ አላስከፋኝም። እንዲያውም ኮራሁባት። ነገርኳትም።

የምርመራው ዕለት ከእሷ ጋር ሄድኩ። ያው ቀጭኑ መርማሪ ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠና ጣቱን ወደ ቁልፉ ሰደደ። ቁልፍ የለም። ጣቱ በአየር ላይ ቀረ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«መስኮት ነው» አለች። «ያዙሩት።»

«የመኪናዋ መግለጫ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው የሚለው። ይህ ለውጥ ነው፤ ለውጥ ደግሞ...»

«መመሪያችሁ ‹መስኮቱ ከሹፌሩ ወንበር ሆኖ ይከፈት፣ ይዘጋ› ነው የሚለው። በምን ይከፈት አይልም። አንብቤዋለሁ። ባለቤቴም አንብቦታል፤ እሱ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አያመልጠውም።»

መርማሪው አየኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ሰውየው ወረደና ወደ ቢሮ ገባ። ቆየ። በጣም ቆየ። ባለቤቴ ከመኪናዋ ጎን እጇን አጣምራ ቆማለች፤ ፊቷ ላይ ምንም አይታይም። እኔ በሐሳቤ ቤት ተቀምጣ አየኋት፤ ጠዋት የሚጠብቃት ሰው የሌላት።

መርማሪው አለቃውን ይዞ ተመለሰ። አለቃው መነጽራም ሴት ናት። መኪናዋ ውስጥ ገባች፤ በሩን ዘጋች። መስታወቱ ተዘግቶ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየን፤ አንድ ነገር ትለናለች፣ አይሰማም። ከዚያ እጀታውን አዞረች። መስታወቱ ወረደና ድምፅዋ ወጣ፦ «...ለምን ቀየሩት ነው የምለው?»

«ኤሌክትሪኩ በቀን መቶ ጊዜ መከፈት አይችልም፤ እኔ ደግሞ አስከፍታለሁ» አለች ባለቤቴ። «አሁን ራስዎ አላዩም? ሲዘጋ አልሰማንዎትም።»

ሴትዮዋ ትንሽ አሰበች። አንዴ ዘጋችው፤ ደግማ ከፈተችው። ከግቢው ዳር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ነበር፤ ድምፁ ቀረበ። ወረደችና ለመርማሪው «ይሠራል። አሳልፋት» ብላ ወደ ቢሮዋ ገባች። ያ ሁሉ መከራ እንዲህ ባለች አጭር ቃል አለቀ።

መርማሪው ወረቀቱን ሰጣት። አመሰገነችው፤ ድምፅዋ አልተለወጠም። ገባን። እኔ ከጎኗ፣ በአሠልጣኙ ወንበር። «ብትወድቂ ኖሮስ ምን ልትሆኚ ነበር?» አልኳት።

«ምን እሆናለሁ? ቤት ተቀምጬ አንተን ሳሠለጥን እኖር ነበራ።»

እግዜር ይስጣት ሴትዮዋን አልኩ በልቤ። ባለቤቴ ሞተሩን አስነሣች፤ አንደኛ ማርሽ አስገባች፤ በሩ ላይ የተሰለፉት መኪናዎች መንገድ ለቀቁላት። ከዚያ መኪናዋ አንዴ ዘለለች፣ ተንቀጠቀጠችና ጸጥ አለች። ጠፋችባት። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቅቃዋለች፤ የመጀመሪያ ቀን ተማሪ የሚሠራው ስህተት። ዕድሜ ልኳን ሰው ላይ ስትጮህበት የኖረችው ስህተት፣ መርማሪው ፊት፣ ሰልፈኛው ሁሉ እያየ።

ወደ እግሯ አየሁ። ግራ እግሯ ፔዳሉ ላይ ሆኖ ይንቀጠቀጣል፤ ልታቆመው አልቻለችም። ያን ሁሉ ሳምንት፣ ዶክተር ጋ፣ ዳቦ ጫኙ ጋ፣ ያረጁ መኪናዎች ግቢ ውስጥ፣ አንዴም ፈራሁ አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም።

«ፈርቼ ነበር» አለች፤ እንባዋ በጉንጯ ወረደ። «በጣም ፈርቼ ነበር።»

እጇን ያዝኩ። ከኋላችን መርማሪው በዚያ ዝግ ያለ ድምፁ «ቀስ ብለው ይልቀቁት፣ እትዬ» አላት። በተከፈተው መስኮት ጥርት ብሎ ተሰማን። ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ እንደገና አስነሣችው። ሰፈራችን ስንደርስ ነርሷ በቀጠሮዋ ሰዓት መጥታ መንገድ ዳር ቆማ ትጠብቀን ነበር።